ባዶ ቦታውን ይሙሉ

ቲቸር ላም መሳል አይሆንላትም። ይህን ራሷም ታውቀዋለች፣ ተማሪዎቿም ያውቁታል፣ ወረቀቶቿን የሚያባዛላት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤትም ያውቀዋል። ላም ስትስል ውሻ ይወጣታል፤ ውሻ ስትስል ምን እንደሚወጣት ግን እስከ ዛሬ የለየለት ሰው የለም። ለዚህ ያገኘችው መላ ከሥዕሉ ሥር ስሙን መጻፍ ነው። ስሙን የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪዎቹ ወደ እሷ የመጡት ደግሞ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ነው፤ ስለዚህ መላው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ ሰዎቹ ይማራሉ። ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሁሉ ይገረማል።

የምታስተምረው በወርክሺት፣ ራሷ በምታዘጋጀው የመልመጃ ወረቀት፣ ብቻ ነው። መጽሐፍ አትወድም። ለጀማሪ ተብለው የተጻፉትን አገላብጣ አይታቸዋለች፤ በውስጣቸው ያሉት ሰዎች ቅዳሜ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ እሑድ ቴኒስ ይጫወታሉ፣ ሥራ ሲሠሩ ግን አንድም ቀን አይታዩም። የእሷ ተማሪዎች ሥራ ውለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ የሚመጡ ናቸው። አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ አንዷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ አንዱ ቧንቧ ይጠግናል። ስለዚህ በየማለዳው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ ለእነሱ የሚሆን ወረቀት ታሰናዳለች። መቀሱ የት ነው? መቀሱ ከመስተዋቱ ሥር ነው። ውሃው ለምን ይፈስሳል? ባዶ ቦታውን ይሙሉ። ያዛምዱ። አንዱን ብቻ ያክብቡ። አዋቂ ሰው ባዶ ገጽ ሲሰጡት ይደነግጣል፤ ባዶ መስመር ሲሰጡት ግን እጁን ይበላዋል። ይህን ማንም አላስተማራትም፣ ሥራው ራሱ ነው ያሳያት።

ክፍሏ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በስተጀርባ ያለች፣ ቀድሞ የወረቀት መጋዘን የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ማሽኑ ሲሠራ አንደኛው ግድግዳ ይሞቃል፤ ብርድ በሆነ ቀን ተማሪዎቹ በዚያ በኩል ለመቀመጥ ይሻማሉ። በዚያች ክፍል ውስጥ ቲቸር ንግሥት ናት። ተነሡ ስትል ይነሣሉ፣ በሉ ስትል ይላሉ፣ ፀጉር አስተካካዩማ አንዳንዴ ሳትልም ይላል። እቤቷ ስትገባ ግን ንግሥናዋን በር ላይ አውልቃ ነው። እቤት እማማ አሉ።

እማማ የባሏ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃ ሆነው ነው። ጡረታ ሲወጡ አንሶላው እዚያው ቀረ እንጂ አለቃነቱ አብሯቸው መጣ። እጃቸው የገባውን ሁሉ አራት ቦታ ያጥፋሉ፤ ፎጣውን፣ ጋዜጣውን፣ የዳቦ መጠቅለያውን ሳይቀር። ልጃቸው፣ ማለትም የቲቸር ባል፣ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በሁለት ፎቅ መካከል ተቀርቅረው የቀሩ ሰዎችን ሲያወጣ ይውላል። እቤቱ ሲገባ በእናቱና በሚስቱ መካከል ተቀርቅሮ የሚቀረው እሱ ነው፤ እሱን የሚያወጣ ጠጋኝ ግን አልተገኘም።

ጠቡ የጀመረው በጨው ነው። ቲቸር ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች የሠራችውን ሾርባ እማማ አንድ ማንኪያ ቀመሱና፣ ምንም ሳይናገሩ፣ የጨው ዕቃውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ይኸው ነው። ቢናገሩ ኖሮ ትረሳው ነበር፤ ዝም ማለታቸው ነው አንጀቷን ያሳረረው። በማግሥቱ ቲቸር ጨው ጨመረች፤ እማማ ውሃ ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ሆድና ጀርባ ሆነው፣ የሚነጋገሩት በመካከላቸው በተቀመጠው ሰውዬ በኩል ነው።

«ዳቦ አልቋል በላት።»

«ቁም ሣጥን ውስጥ አለ በላቸው።»

ባልየው ጉርሻውን ሳይውጥ «ዳቦ አለ» ይላል። ለማን እንደሚል እሱም አያውቀው።

በዚህ መሀል ውጭ አገር ያለችው የእማማ ሴት ልጅ በስልክ መጣች፤ በምስል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰሙም። ልጆቹ ወደ ስልኩ ተጠግተው «ሃይ ግራንማ!» አሉ። እማማም «ሃይ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚለው ነገር አልነበረውም። ተያዩ፣ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ልጆቹም ወደ ጨዋታቸው ሮጡ። ልጅቷ «እማዬ፣ ለምን መጥተሽ እዚህ አትኖሪም? ባዶ ክፍል አለኝ» አለች።

«እዚያ መጥቼ ዲዳ ልሁን?» አሉ እማማ። «በስልክ የተወዛወዝኩላቸው አልበቃ ብሎ በአካል መጥቼ ልወዛወዝላቸው? የልጅ ልጆቼን ሳላዋራ ምኑን አያት ሆንኩ? እንግሊዝኛ ካልቻልኩ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ዕቃ ታጥብ የነበረችው ቲቸር ቧንቧውን ዘጋች።

«እኔ አስተምርዎታለሁ!» አለች።

በቀጥታ ነበር ያለችው፤ በማንም በኩል አልነበረም። ባልየው በእጁ የያዘው ማንኪያ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። እማማ የሚኖሩባት የጓዳ ክፍል ሰፊ መስኮት አላት፤ ቲቸር በዚያች ቅጽበት ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አኑራ፣ ወረቀቶቿን ዘርግታ፣ ሾርባ የሚባል ነገር የማይንጠባጠብበት ኑሮ ጀምራ ነበር። እንግሊዝኛ ካወቁ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ክፍሉ የእሷ ነው፤ ቤቱም የእሷ ነው። ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበራትም።

እማማ ከእግር እስከ ራሷ ካዩዋት በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እሺ በላት። ግን ክፍል ውስጥ ነው ቲቸር የምትሆነው። እቤት ማንም አያስተምረኝም በላት።»

ትምህርት በጀመሩበት ቀን እማማ ካፖርታቸውን ተኩሰው ለብሰው መጡ። በር ላይ ቆመው ክፍሉን እንደ አዲስ አለቃ ቃኙና፣ ሞቃቱን ግድግዳ ማንም ሳይነግራቸው አውቀው፣ ፀጉር አስተካካዩ ፊት ቆሙ። ፀጉር አስተካካዩ ለምን እንደተነሣ ሳያውቅ ተነሣላቸው። የዕለቱ ወርክሺት የሰላምታ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው እንዴት ነህ እንዴት ነሽ ይባባላሉ።

«ሃው አር ዩ» አለች ቲቸር፣ ወደ ወረቀቱ እያመለከተች።

እማማ እጃቸውን አወጡ። «ዩ ማን ነው?»

«አንተም ነው፣ አንቺም ነው፣ እርስዎም ነው። ሁሉም ዩ ነው።»

«ለእኔም ዩ፣ ለዚህ ለፀጉር አስተካካዩም ዩ?»

«አዎ፣ እማማ።»

እማማ ክፍሉን በሙሉ ዞረው ተመለከቱ፤ ምስክር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። «ይህን ቋንቋ ያወጣው ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው» አሉ። ቢሆንም ጻፉት።

ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱ ታዘዙ። ሁሉም ጓደኛ ጓደኛውን ያዘ፤ እማማ ብቻቸውን ቀሩ። ቲቸር የእሳት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ያህል እየተቁነጠነጠች ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጉድ ሞርኒንግ» አሉ እማማ፣ ከወረቀቱ እያነበቡ።

«ጉድ ሞርኒንግ። ሃው አር ዩ?»

«አይ አም ፋይን፣ ቴንክ ዩ። ኤንድ ዩ?»

እነዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ደኅና አደርሽ ደኅና አደሩ መባባል ከተዉ ዓመታት ሆኗቸዋል። አሁን ተባባሉ፤ ያውም ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ግን ወርክሺቱ ጠዋት ነው ካለ ጠዋት ነው። ቲቸር በችኮላ ተነሥታ ቧንቧ ጠጋኙን ማረም ጀመረች፤ ምንም አልተሳሳተም ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ግን፣ እስክሪብቶዋን ስታነሣ፣ ሰይጣን ጫፉ ላይ ተቀመጠ። አዲሱ ወርክሺት «ያንብቡና ይገልብጡ» የሚል ነበር። የሚገለበጡትም ዐረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሾርባው በጣም ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ክፍሉ በሙሉ አቀርቅሮ ገለበጠ። ቧንቧ ጠጋኙ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ሲጽፍ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከቤቱ የመጣ ነገር ሳይኖረው አልቀረም። ቲቸር የእያንዳንዱን ትርጉም በእጅና በፊት እያሳየች አስረዳች። ማንኪያ አነሣች፣ ሾርባ ጠጣች፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ላሰች። እማማ ትወናውን እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ከዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው አራቱንም መስመር ገለበጡ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። የቲቸር አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ደስታዋ እስከሚቀጥለው ሳምንት ብቻ ቆየ። የሳምንቱ ሥራ «ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ይግለጹ» የሚል ነበር፤ ከላይ በሣጥን ውስጥ የሚጠቅሙ ቃላት ተሰጥተዋል። ቲቸር ቀዩን እስክሪብቶ ይዛ፣ የተማሪዎቹን ወረቀት እያረመች እማማ ዘንድ ደረሰች። እንዲህ ይላል፦ ረጅም ናት። ጥሩ አይደለችም። ሾርባዋ መጥፎ ነው። ላሟ ውሻ ናት።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ስሕተት ፈለገች፤ አንዲት ጥፋት ብታገኝ በቀይ ልትሰርዛት ነበር። ከላይ ወደ ታች አየችው፣ ከታች ወደ ላይ አየችው። ነጥቡ በቦታው ነው፣ ትልልቁ ፊደል በቦታው ነው። ስድቡ እንከን አልነበረውም። ኤክስ ልታደርግበት እጇን አነሣች፤ የሥራ ክብሯ ግን እምቢ አለ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የራይት ምልክት አደረገች፣ ከአሥር አሥር ሰጠች፣ እንደ ልማዷም ከሥሩ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈች። ከምን ሥር እንደጻፈችው የገባት ከፈረመች በኋላ ነው።

እማማ ውጤታቸውን ሲያዩ ወረቀቱን አላጠፉትም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት። ባልየው ወተት ሊያወጣ ሄዶ ቆሞ አየው። እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ያየው ቀዩን ምልክት ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወርክሺት!» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጦርነት ሆነ። ቲቸር መነጽር ያደረገች፣ ግንባሯ የተጨማደደ አሮጊትና አንዲት ቆንጆ ወጣት ስላ «ያዛምዱ» አለች። እማማ «ቆንጆ» ከሚለው ቃል አሮጊቷ ድረስ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ «አሮጌ» የሚለውን ከወጣቷ ጋር አዛመዱት። ቲቸር «እውነት ወይስ ሐሰት፦ እናቶች ሁልጊዜ ትክክል ናቸው» ብላ ጠየቀች። እማማ «እውነት» ብለው ከጻፉ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከሥሩ «ልጆች ሁልጊዜ ስሕተት ናቸው» ብለው ጨመሩ። ይህም ቢሆን እንከን አልነበረውም። ክፍሉ ነገሩ ገብቶታል። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ከእማማ ወገን ሆነች፤ ቧንቧ ጠጋኙ ከቲቸር፤ ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ነፍሱ ስለሆነ ከሁለቱም። ወረቀቱን እየወሰደ መስተዋቱ ላይ ይለጥፈዋል፤ ደንበኞቹ ፀጉራቸውን ሲቆረጡ ሾርባው ዛሬ እንዴት እንደዋለ ያነባሉ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት እንኳ ከሚታዘዘው በላይ አንድ ለራሱ ማተም ጀመረ።

እማማም ተማሩ፤ እንዴት ነው የተማሩት! ቲቸር በማስተማር ዘመኗ እንደ እሳቸው ያለ ተማሪ አልገጠማትም። ሌላው ሰው ቃል የሚያጠናው ፈተና እንዳይወድቅ ነው፤ እማማ ግን የሚያጠኑት መልስ እንዳያጡ ነው። ጠዋት ከመኝታቸው ሲነሡ አንድ አዲስ ቃል በአፋቸው ይዘው ይወጣሉ፣ ምሳ ላይ ይተኩሱታል። በልጃቸው በኩል መልእክት መላክም ቀረ።

«ሶልት፣ ፕሊስ» ይላሉ፣ በቀጥታ ወደ ምራታቸው።

«ኖ ሶልት። ሶልት ኢዝ ባድ ፎር ዩ።»

«ዩር ሱፕ ኢዝ ባድ ፎር ሚ!»

ባልየው በገዛ ገበታው ላይ እንግዳ ሆኖ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያያል። ከአስታራቂነት ሥራው ሳይነገረው የተሰናበተ ሰው ነበር። ትንሽ ቅር አለው፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ምግቡን በትኩሱ መብላት ቻለ።

በዚህ መሀል ሴት ልጃቸው እንደገና በምስል መጣች። ልጆቹ እንደተለመደው «ሃይ ግራንማ» ብለው ሊሄዱ ሲሉ፣ እማማ ከወንበራቸው ቀና አሉና «ሲት ዳውን!» አሉ። ልጆቹ ተቀመጡ። «ኦፕን ዩር ቡክ!» ትልቁ ልጅ ሮጦ መጽሐፍ አመጣ። እማማ እንደዚህ የሚሠራ መሆኑን አልጠበቁም ነበርና በደስታ ያላቸውን ሁሉ አወጡ። ሾርባችሁ መጥፎ ነው አሏቸው፤ አርፍዳችኋል አሏቸው፤ ላማችሁ ውሻ ናት አሏቸው። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እንደዚህ ያለ አያት በሰፈራቸው ማንም የለውም። ስልኩ እንዳይዘጋ ለመኑ። እናታቸው ከበስተኋላ ዓይኗን እየጠረገች «በቃ፣ ትኬቱን ቆርጬ ነው የምልክልሽ» አለች።

ቲቸር አሸነፈች ማለት ነው። ሜትር ይዛ ወደ ጓዳው ክፍል ገባች፤ እማማ ገበያ ነበሩ። ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ልክ ይገባል፤ እንዲያውም ቦታ ይተርፋል። ሜትሩን ጠቅልላ አልጋው ጠርዝ ላይ አረፍ አለች። መደሰት ነበረባት፤ ጠበቀችው፤ ደስታው አልመጣ አለ።

በማግሥቱ ማለዳ ወረቀት ፊት ስትቀመጥ እስክሪብቶው ከበዳት። ለማን ነው የምትጽፈው? ቧንቧ ጠጋኙ የሰጡትን ይገለብጣል፤ ፀጉር አስተካካዩ የሰጡትን ያነባል። ክፉ ስትጽፍ ክፉ የሚመልስላት፣ በየማለዳው «ዛሬ ደግሞ ምን ይሉ ይሆን?» እያለች በጉጉት የምትነሣለት ሰው ግን አንድ ብቻ ነው። ወደደቻቸው ማለት ድፍረት ይሆናል። ናፍቆት ግን ገና ሳይሄዱ ጀመራት። በራሷም ተናደደች። እኒያ የጨው ሴትዮ! አለች ለራሷ።

ታዲያ እንደ ሰው «አይሂዱ» ማለት አቃታት እንጂ ዝም አላለችም። ሰይጣኑ ተመልሶ እስክሪብቶው ላይ ወጣ። መጀመሪያ ትምህርቱን ጎተተችው፤ ያንኑ የአየር ሁኔታ ወርክሺት ደጋግማ አመጣችው። እሱ አልሠራ ሲል «ሩቅ አገር» የሚል አዲስ ወርክሺት አዘጋጀች። እውነት ወይስ ሐሰት? እዚያ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚያ አገር በረዶ ላይ አሮጊቶች ይወድቃሉ። እዚያ አገር ጎረቤት ሰላም አይልም። እዚያ አገር ሊፍት ሲበላሽ የሚጠግነው ልጅዎ አይደለም።

ፀጉር አስተካካዩ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። «ቲቸር፣ ወዴት ልትሰጂን ነው?» አላት። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ እህቷን ልትጠይቅ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ዓመት ሙሉ ስትዘጋጅ ከርማለች፤ እጇን አውጥታ «እውነት ይወድቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ቲቸር ዓይኗን ሳታሽ «ይወድቃሉ» አለቻት።

እማማ በሁሉም ላይ «ሐሰት» ብለው ጻፉ። አሮጊቶች ይወድቃሉ ከሚለው አጠገብ ደግሞ «እኔ ጠንካራ ነኝ» ብለው ጨመሩ። ወረቀቱን ሲያስረክቡ ግን ምራታቸውን ቀና ብለው አዩዋት፤ ረዘም አድርገው አዩዋት። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አንሶላ ሲያገላብጡ የኖሩ ናቸው። የተደበቀ ነገር አይጠፋቸውም።

ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ቲቸር እንደ ወትሮዋ በማለዳ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዘርግቶ ጠበቃት። ከላይ በሚያምር እጅ «ወርክሺት» ይላል። ከሥሩ ገበታ ከብበው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ተስለዋል፤ ሴቶቹ ሴት ይመስላሉ፣ ይህ ራሱ ቲቸርን ትንሽ አናደዳት። እማማ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«ተቀመጪና ሥሪ» አሉ። «ጊዜው አጭር ነው።»

ቲቸር ተቀመጠች። መጀመሪያው ስሟን ይጠይቃል፤ ሞላች። ሁለተኛው «አንዲት አማት አለችኝ፤ እሷም ____ ናት» ይላል። ቲቸር እስክሪብቶዋን ነከሰች። «መጥፎ» ብላ ጻፈች፤ አየችው፤ ሰረዘችው፤ «ብርቱ» ብላ ጻፈች። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ አማትሽ እንድትሄድ ትፈልጊያለሽ? አዎ፣ ወይም አይ፤ አንዱን ብቻ አክብቢ። እንግሊዝኛው ላይ ትንሽ ስሕተት ነበረበት። የቲቸር እጅ በልማድ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄዶ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው።

ማሰሮው ፈላ፤ ማንም አልተነሣለትም። ባልየው የመፍቻ ቦርሳውን አንግቦ ሊወጣ ሲል ሁለቱን አይቶ በሩ ላይ ቀጥ አለ። ቲቸር አቀርቅራ «አይ» የሚለውን አከበበችው፤ ከዚያም እንዳይጠፋ ይመስል አንዴ ደገመችው። ወረቀቱን ገፋ አድርጋ አሳለፈችው።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ኖ ይላል።»

«እንግሊዝኛውንማ እኔም ችዬዋለሁ። በገዛ አፍሽ በይው።»

ቲቸር ቃሉን ፈለገች። ስንት ሰው አፉን እንዲፈታ ያስተማረች ሴት የራሷ አፍ ተሳሰረ። ወደ ባሏ ዞረች፤ እሱም የሚቀበለው መልእክት ያለ መስሎት አንገቱን አሰገገ። ግን እሱን አላለችውም።

«አይሂዱ፣ እማማ» አለች። «አይሂዱብኝ።»

እማማ ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። ሦስቱም መልስ አጠገብ ራይት አደረጉ፣ ሦስት ከሦስት ብለው ጻፉ፣ እስክሪብቶውን ከደኑ።

«እሄዳለሁ» አሉ።

ቲቸር ክው አለች።

«ሄጄም ሁለት ወር ሰንብቼ እመለሳለሁ። ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው።»

«ደርሶ መልስ?»

«ልጄ እዚህ ኑሪ አለችኝ እንጂ እኔ መች እሺ አልኩ? የመጀመሪያውም ቀን ያልኩት ልጆቹን ላዋራ ነው። ቤቴን ትቼ የት ነው የምሄደው?»

ቲቸር ወደ በሩ ዞረች። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«ማንም ንገራት አላለኝም» አለ ባልየው፤ ነገሩ ሳይጋጋል እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለች ቲቸር፣ እንባዋም ንዴቷም በአንድ ላይ እየመጣ። «ስንት ቀን ሙሉ አሮጊት በረዶ ላይ ስጥል ከርሜ! ያቺን የመድኃኒት ቤት ልጅ ከመንገዷ አስቀርቻት!»

«ብነግርሽ ኖሮ» አሉ እማማ፣ «መች ትይው ነበር?»

ይህ ልክ ነበር፤ ቲቸርም ልክ መሆኑ ነው ያናደዳት። ከዚያ ሁለቱም ተነሥተው ሻንጣውን ሊዘጉ ወደ ጓዳው ክፍል ገቡ። ሻንጣው ከልክ በላይ ስለተሞላ አንዷ ላዩ ላይ መቀመጥ፣ ሌላዋ ዚፑን መሳብ ነበረባቸው። ማን ትቀመጥ ማን ትሳብ በሚለው እስኪስማሙ ድረስ ረፋዱን ሙሉ ተጨቃጨቁ።